የሚሸጠው ቤትና የቤተ ሰባችን ክርክር

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ምግብ፤ ልብስና መጠለያ ያስፈልጉታል። ከእነዚህም ከሦስቱ ምግብና ልብስ በየጊዜው እየተገዙ የሚያልቁ ናቸው። ምግቡ ባይጣፍጥ ነገ ሌላ ይበስላል፤ ልብሱም ባይበቃ ለሌላ ይሰጣል። ቤት ግን እንዲህ አይደለም። ብዙ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ይገዛዋል። ከገዛውም በኋላ በማለዳ የሚነሣበት ሰዓት፤ የሚመላለስበት መንገድ፤ ልጆቹ አብረዋቸው የሚያድጉ ጓደኞች፤ በሞተም ጊዜ ድንኳን የሚተክሉለት ሰዎች ሁሉ በዚያው ግዢ ውስጥ አብረው ይወሰናሉ። ስለዚህ ኮት የሚገዛ ሰው ከነጋዴው ጋራ ይከራከራል፤ ቤት የሚገዛ ሰው ግን አስቀድሞ ከቤተ ሰቡ ጋራ መከራከር አለበት።

በእኛም ቤት ባለፈው ክረምት ይህን የመሰለ ክርክር ተነሥቶ ነበረ። ያነሣሣውም በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚሸጥ አንድ ቤት ነው። ነገሩ የአንድ ቤተ ሰብ ጕዳይ ቢሆንም፤ ዛሬ በከተማችን ዳርቻ ቤት ለመግዛት የሚያስበው ሰው ብዙ ስለ ሆነ፤ የተባባልነውን በቅደም ተከተል ብጽፈው ለአንባቢ ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ አሰብሁ።

ቤቱን ያመለከተን አንድ ደላላ ነው። «ጋሼ፤ እንዲህ ያለ ቤት በዓመት አንድ ጊዜም አይገኝም» ሲል ጀመረና ሳያርፍ ቈጠረልኝ። ቦታው በለሚ ኵራ ክፍለ ከተማ፤ ከአያት የባቡር መጨረሻ አልፎ ወደ ጣፎ በሚወስደው መንገድ፤ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። የቦታው ስፋት 175 ካሬ ሜትር፤ ሦስት መኝታ ቤት፤ አንድ ሰፊ ሳሎን፤ በጓሮ በኩል ሁለት ሰርቪስ ቤት፤ በጣራው ላይ የውኃ ሮቶ፤ በግቢው ውስጥ አንድ የአቮካዶ ዛፍና ጥቂት የጌሾ ተክል ይገኛል። ነፋሱ ንጹሕ፤ አካባቢው ጸጥ ያለ፤ በጠራ ቀንም የየካ ተራራ ከበረንዳው ላይ የሚታይ ነው። ዋጋውን በዚህ ላይ አልጽፈውም፤ ጽሑፌ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ የቤት ዋጋ እንዳለ አይቈይምና።

ደላላው ከተናገረው ነገር ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረበትም። ዳሩ ግን የቈጠረልኝ ሁሉ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በዐይን ሊታይ የሚችለውን ብቻ ነበረ። በዐይን የማይታየውን ነገር ያገኘነው በክርክራችን ውስጥ ነው።

ተከራካሪዎቹ አራት ነበርን። እኔ፤ ባለቤቴ፤ በምሕንድስና ሥራ የሚተዳደረው የባለቤቴ ወንድምና ከእኛ ጋራ የምትኖረው አሮጊት እናቴ ነን። እናቴ ግን ለብዙ ጊዜ ዝም ብላ ታዳምጥ ስለ ነበረ፤ በመጀመሪያ ከተከራካሪዎቹ አልቈጠርናትም ነበረ።

እኔ ቤቱ ይገዛ ባይ ነበርሁ። በኪራይ ቤት ከኖርን 14 ዓመት ሆኖናል፤ በዚህም ጊዜ ውስጥ አራት ጊዜ ዕቃችንን ጭነናል። ልጆቻችን በየዓመቱ በልደታቸው ቀን ከመኝታ ቤቱ መቃን ጋራ ተለክተው ቁመታቸው በእርሳስ ይጻፋል። ቤት በለወጥን ቍጥር ግን ያ ጽሑፍ በሰው መቃን ላይ ይቀራል፤ አዲሱም ተከራይ ምን እንደ ሆነ ሳያውቀው ቀለም ይቀባበታል። «ቢያንስ የታናሺቱ ቁመት በአንድ መቃን ላይ ተጀምሮ በዚያው ይለቅ» አልሁ። ገንዘብን በሚመለከተውም በኩል፤ ለኪራይ የምንከፍለው ሁሉ የሰው ግድግዳ ሲያቆም እንደሚኖር፤ የገዛ ቤታችን ግን ለልጆቻችን እንደሚተርፍ አስረዳሁ።

ባለቤቴም ነገሬን እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝና እንዲህ ስትል መለሰች። «ኪራይ እንደ ድሮው በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ የሚነዳ ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፤ ቍጥር 1320፤ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። እኔ ቤት ጠልቼ አይደለም። ነገር ግን የማልኖርበትን ቤት ለምን እገዛለሁ?»

«እንዴት አትኖሪበትም?» ብዬ ብጠይቃት፤ ወረቀትና እርሳስ አምጥታ ትቈጥር ጀመረ። ባለቤቴ በሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በሚገኝ አንድ ባንክ ትሠራለች። ዛሬ ከምንኖርበት ከቀበና እስከ መሥሪያ ቤቷ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅባታል። ከአያት ማዶ ግን፤ የታክሲው ሰልፍ፤ የመገናኛው ግፊያና የመንገዱ መጨናነቅ ተደምሮ፤ ደርሶ መልሱ አራት ሰዓት እንደሚሆን በዚያ ከሚኖሩት የሥራ ባልደረቦቿ ጠይቃ አረጋግጣለች። የሁለቱ ልዩነት በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ቅዳሜን ሳንቈጥር በሳምንት 12 ሰዓት ተኩል፤ በዓመት የሥራ ሳምንቱን 50 ብናደርገው 625 ሰዓት ይሆናል። ይህንንም ለ24 ስታካፍለው 26 ቀን ከነሌሊቱ ወጣ። «በዓመት 26 ቀን ከነሌሊቱ በመንገድ ላይ ልትጨምርብኝ ነው። ሳሎኑ ሰፊ ነው ትለኛለህ፤ በሳሎኑ ውስጥ የምቀመጠው መቼ ነው?» አለችኝ።

ባቡሩን አስታወስኋት። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ በመስቀል አደባባይና በሜክሲኮ በኩል አድርጎ እስከ ጦር ኃይሎች ይደርሳልና፤ ለእርሷ የተዘረጋ ሐዲድ ይመስላል። እርሷ ግን ይህንንም አስባበት ኖሯል። «ሐዲዱ አለ፤ ባቡሩ ግን? 41 ሆነው ከጀመሩት ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆመው እንደ ቈዩ ረሳኸውን? የሚመጣውም ሞልቶ ያልፋል። ደግሞም ቤቱ ያለው ባቡሩ ከሚቆምበት አልፎ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሌላ ታክሲ መያዝ አለብኝ» አለች።

በዚህ ጊዜ ወንድሟ ጣልቃ ገባ። እርሱ ከእኔ ጋራ ቤቱ ይገዛ ባይ ነበረ፤ ማስረጃውንም ከታሪክ አመጣ። «እኅቴ፤ ዳርቻ የምትይው ቦታ ሁልጊዜ ዳርቻ ሆኖ አይኖርም። አዲስ አበባ ራሷ የእንጦጦ ዳርቻ ነበረች። መናገሻው እንጦጦ ላይ በነበረ ጊዜ ብርዱ የጠና፤ ማገዶውም የራቀ ስለ ነበረ፤ በ1879 ዓ.ም. ወይዘሮ ጣይቱ፤ በኋላ እቴጌ የሆኑት፤ ፍል ውኃውን ወድደው በአጠገቡ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ያን ጊዜ ‹ይህ ሩቅ ሜዳ ነው፤ እዚያ ማን ይኖራል?› ያለ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ዛሬ ግን ፍል ውኃ የከተማው እምብርት ነው። ቦሌም እንዲሁ ሜዳ ነበረ፤ በ1950ዎቹ የአውሮፕላን ማረፊያው ከተሠራ በኋላ ነው ከተማው ወደዚያ የዘመተው። አያትም ነገ እንዲሁ ይሆናል» አለ።

ማስረጃው ያማረ ስለ ነበረ እኔ ክርክሩ ያለቀ መሰለኝ። ባለቤቴ ግን ጥቂት ዝም ብላ ቈይታ፤ «ጣይቱ ወደ ፍል ውኃ በወረዱ ጊዜ ንጉሡም፤ መኳንንቱም፤ ቤተ መንግሥቱም ተከትለዋቸው ወረዱ። እኔ ወደ አያት ብሄድ ባንኬ ይከተለኛልን?» ስትል ጠየቀች።

ለዚህ ጥያቄ ማናችንም መልስ አልነበረንም። እኔም በበኩሌ ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። አንድ ዳርቻ ከተማ የሚሆነው ሰው ስለሚያድርበት ብቻ አይደለም፤ ሥራውም፤ ገበያውም፤ ትምህርት ቤቱም ወደዚያው ሲሄድ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በከተማችን የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት ሲሠሩ፤ ጀሞ፤ የካ አባዶ፤ ኮዬ ፈጬ፤ ቱሉ ዲምቱ በሚባሉት ዳርቻዎች እጅግ ብዙ ሰው ገብቶ ይኖራል። ከነዚህ ቤቶች ባለቤቶች ብዙዎቹ ከኪራይ ጭንቀት ዐርፈዋል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አልጋቸው ወደ ዳርቻ ሲወጣ የብዙዎቹ ሥራ በመካከል ከተማ ስለ ቀረ፤ በየማለዳው ሕዝቡ ሁሉ ወደ አንድ በኩል ይጐርፋል፤ ማታም እንደ ገና ወደ መጣበት ይመለሳል። መንገዱን የሚያጣብበው የመኪናው ብዛት ብቻ አይደለም፤ የሰው አልጋና የሰው ሥራ መራራቅም ነው።

ክርክሩ በዚህ ላይ ሳለ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ይኸውም «የምንገዛው ምንድን ነው?» የሚል ነው። መሬት በአገራችን አይገዛም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተ ሰብም ለመኖሪያው እስከ 500 ካሬ ሜትር የሚደርስ ቦታ ብቻ እንዲይዝ ተፈቀደለት። የ1987ቱም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው በቦታው ላይ ያለውን ቤትና በቦታው የመጠቀም መብት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ፤ ቍጥር 721፤ ለመኖሪያ የሊዝ ዘመን 99 ዓመት መድቦ፤ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ ወደ ሊዝ ሥርዓት እንዲገባ ደንግጓል። «ነባር ይዞታ ነው፤ ሊዝ የለበትም» የሚል ሻጭ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እውነቱ ለእርሱ እንጂ ለገዢው ላይሆን ይችላል።

ወረቀትን መመርመር አለመተማመን የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በዚያው በምሥራቅ በኩል በለገጣፎ ለገዳዲ ከተማ ሕገ ወጥ ናቸው የተባሉ ብዙ ቤቶች መፍረሳቸውን የሚያስታውስ ሰው ግን ይህን አይልም። በነዚያ ቤቶች ውስጥ ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውን ከፍለው ለዓመታት ኖረውባቸው ነበረ። የ1952ቱም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ የሚያዘው፤ ሰው ከድካሙ ፍሬ በአንድ ቀን እንዳይራቆት ነው። ስለዚህ ካርታው ትክክለኛ መሆኑን፤ ቤቱም ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ሳናረጋግጥ አንድ ሳንቲም እንዳንከፍል ሁላችንም ተስማማን። በክርክራችን ውስጥ ሁላችን የተስማማንበት ነገር ይህ ብቻ ነበረ።

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ። እናቴ በቀበና ከ40 ዓመት በላይ ኖራለች። ዕድሯ፤ የጽዋ ማኅበሯ፤ የምትሳለመው ቤተ ክርስቲያን፤ ቡና የሚጠራሯት ጐረቤቶቿ ሁሉ በዚያ ናቸው። እኛም በክርክራችን ጊዜ ሁላችን በስሟ እንናገር ነበረ። ባለቤቴ «እማማን ከዕድራቸው ነቅለን የት እንወስዳቸዋለን?» ስትል፤ እኔ ደግሞ «እማዬ በእርጅናዋ ንጹሕ አየርና ጸጥታ ያስፈልጋታል» እል ነበረ። እንዲህ እያልን ስንወቃቀስ አንድ ማታ እናቴ መቍጠሪያዋን አስቀምጣ፤

«ልጆቼ፤ ሁላችሁም ስለ እኔ ትናገራላችሁ፤ እኔን ግን ጠይቃችሁኝ አታውቁም። ቤቱንም ያሳየኝ የለም» አለች።

«በመጪው እሑድ እወስድሻለሁ» ብላት፤ «እሑድስ አይሁን። እሑድ ሁሉም ቤት ያምራል። ማክሰኞ ውሰደኝ፤ ዝናም ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው» ብላ መለሰችልኝ።

በሐምሌ መጨረሻ ማክሰኞ ቀን፤ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ጠይቄ፤ እናቴንና የባለቤቴን ወንድም ይዤ ሄድሁ። ዝናሙ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም ነበረ። ዋናው መንገድ እንዳለቀ ኮብልስቶን የተነጠፈበት መንገድ ይጀምራል፤ እርሱም ካለቀ በኋላ እስከ ቤቱ በር ድረስ 200 ርምጃ የሚያህል ጭቃ አለ። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ፤ በአንድ እጇ ዘንጓን፤ በሌላው እጇ ክንዴን ይዛ ርምጃዋን እየቈጠረች ሄደች። የጐርፉ መውረጃ ቦይ ወዴት እንደሚሄድ አይታ፤ ከቤቱ ጓሮ ርቆ የሚያልፍ መሆኑን ባየች ጊዜ ራሷን ነቀነቀች።

የባለቤቴ ወንድም በበኩሉ ግድግዳውን ይዞር ጀመረ። ያ አካባቢ ብዙ ቦታው ጥቁር የዋልካ አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ በሚገባ ካልተቈፈረም ቤቱን ከነግድግዳው ያንቀሳቅሰዋል። በሁለተኛው መኝታ ቤት ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ እንደ ደረጃ እየወረደ የሚሄድ ስንጥቅ አገኘ። ጣቱን አግብቶ ለካውና፤ «ጋሼ፤ ይህ የቀለም ስንጥቅ አይደለም፤ የመሠረት ነው። ቤቱን አይጥለውም፤ ነገር ግን ለማስተካከል ገንዘብ ይጠይቃል። ከዋጋው መቀነስ አለበት» አለኝ።

የቤቱ ባለቤት ባላቸው ከሁለት ዓመት በፊት የሞተባቸው ወይዘሮ ናቸው። ከዝናሙ አስገብተው ካስቀመጡን በኋላ ቡና አፈሉ። እናቴም ስለ ዋጋው አንድ ቃል ሳትናገር ትጠይቅ ጀመረ። ውኃ በስንት ቀን ይመጣል? ወፍጮ ቤት የት ነው? ጤና ጣቢያ በእግር ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት አለውን? ወይዘሮዋ ምንም ሳይሸሽጉ መለሱ። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን፤ ያውም በሌሊት፤ እንደሚመጣ፤ ሮቶውም ለዚህ የተሰቀለ መሆኑን፤ ጤና ጣቢያው ቅርብ ሲሆን ወፍጮ ቤቱ ሩቅ መሆኑን ነገሯት።

በመጨረሻ እናቴ፤ «እትዬ፤ እዚህ ዕድር አለን?» ስትል ጠየቀች።

ወይዘሮዋ ስኒውን አስቀመጡ። «እኛ ስንመጣ በዚህ ሜዳ ላይ ስምንት ቤት ብቻ ነበረ፤ ማታ ማታም ጅብ በሩ ድረስ ይመጣ ነበረ። አንዲት ጐረቤታችን በወሊድ በሞተች ጊዜ ሬሳውን የሚሸከም ሰው አጥተን ከዋናው መንገድ ለምነን አመጣን። በማግሥቱ ስምንታችን ተሰብስበን ዕድር አቋቋምን። ባለቤቴ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ባረፈ ጊዜ፤ እኔ ማንንም ሳልጠራ፤ ገና ሳይነጋ ድንኳኑ በዚህ ግቢ ተተክሎ ነበረ። ሦስት ቀን ሙሉ በቤቴ እሳት አላነደድሁም፤ እንጀራው ሁሉ ከጐረቤት መጣ። ልጆቼ ውጭ አገር ናቸው፤ ለመድረስ አልቻሉም። የቀበሩልኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው» ብለው ዝም አሉ።

«ታዲያ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ትተው እንዴት ይሄዳሉ?» አለች እናቴ።

«ቤቱ ሰፋብኝ፤ እኅቴ። ቀን ቀን ሰው ሁሉ ሥራ ነው፤ ማታ ደግሞ ለአንድ ሰው ሦስት መኝታ ቤት ምን ያደርጋል? ወደ እኅቴ ልጅ ዘንድ እሄዳለሁ» ሲሉ መለሱላት።

ከዚያ ቀን በፊት ደላላው ስለ ጣራው፤ ስለ ሰርቪስ ቤቱና ስለ ዛፉ ብዙ ነግሮን ነበረ። ስለዚህ ነገር ግን አንድም ጊዜ አላነሣም። አልፈርድበትም፤ ዕድር በካርታ ላይ አይጻፍም፤ በካሬ ሜትርም አይለካም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት ይሻላል» የሚባለው ግን ልጆች ሁሉ ባሕር ማዶ በሆኑበት በዚህ ዘመን ከቀድሞው ይልቅ እውነት ሆኗል።

በዚያው ማታ እናቴ ፍርዷን ሰጠች። እኛ ሁላችን እንደማትፈቅድ እርግጠኞች ነበርን። እርሷ ግን እንዲህ አለች። «እናንተ በዚያ ቤት የምታድሩበት ናችሁ፤ የምኖርበት እኔ ነኝ። ከማለዳ እስከ ማታ ግድግዳውን የማየው፤ ውኃውን የምጠብቀው፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ በር የምከፍተው እኔ ነኝ። ለእኔ ቤቱ ይሆነኛል። ጭቃው ይደርቃል፤ ሰዎቹ ግን ደግ ናቸው። ነገር ግን ልጄ» አለችና ወደ ባለቤቴ ዘወር ብላ፤ «አንቺ የቈጠርሽው ሰዓት እውነት ነው። እኔን ደስ ለማሰኘት ሲባል አንቺ በመንገድ ላይ እንድታረጂ አልፈልግም። ለዚህ መላ ሳይገኝ ውሉ አይፈረም።»

ከዚህ በኋላ ክርክሩ «ይገዛ» ወይም «አይገዛ» መሆኑ ቀረና «በምን ሁኔታ ይገዛ?» ወደሚለው ተለወጠ። ሁለት ነገሮችን ወሰንን። አንደኛ፤ ባለቤቴ በመገናኛ ወይም ከዚያ ወዲያ ወዳለ ቅርንጫፍ ለመዛወር እንድታመለክት፤ ዝውውሩም በጽሑፍ ሳይፈቀድ ውል እንዳይፈረም። ሁለተኛ፤ ባልየው በሞቱ ጊዜ የጋራ ከሆነው ቤት የእርሳቸው ድርሻ ለልጆቻቸው የሚተላለፍ ስለ ሆነ፤ ሦስቱም ወራሾች በሽያጩ መስማማታቸው እንዲረጋገጥ። ሁለቱ ፈርመው ነበረ። የሦስተኛው ውክልና ግን እርሱ ከሚኖርበት አገር በኤምባሲ ተረጋግጦ መምጣት ነበረበት።

ደላላው ይህን በሰማ ጊዜ ተቈጣ። «ጋሼ፤ ሌላ ገዢ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ቆሟል። ነገ ይሸጣል» እያለ በየቀኑ ይደውል ጀመረ። እውነት ለመናገር ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ ነበረ። ያጠራቀምነው የ14 ዓመት ገንዘብ ዋጋው እያነሰ ሲሄድ፤ የቤቱ ዋጋ ደግሞ ሲጨምር፤ ቆሞ መጠበቅ ከባድ ነው። ነገር ግን «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው በእህል ላይ ሲሆን ቀላል ነው፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማልና። በቤት ላይ የፈሰሰ ገንዘብ ግን የሚለቀመው በፍርድ ቤት ነው፤ ያውም ከተገኘ።

ወይዘሮዋም ጠበቁን። ለምን እንደ ጠበቁን በኋላ ስንጠይቃቸው፤ «እናትዎ ስለ ዕድሩ ስለ ጠየቁኝ ነው። ሌሎቹ ሁሉ የጠየቁኝ ስለ ዋጋው ብቻ ነበረ» አሉኝ። የባለቤቴ ዝውውር በጥቅምት ተፈቀደ። ውክልናውም በኅዳር መጣ። ስለ መሠረቱ ስንጥቅ ከዋጋው ጥቂት ተቀነሰልንና በሕግ በተፈቀደው መሥሪያ ቤት ቀርበን ተዋዋልን። ታናሺቱ ልጃችን በአካባቢው ትምህርት ቤት ገባች። ታላቁ ግን የስምንተኛ ክፍል ፈተናውን እስኪፈተን ድረስ በቀድሞው ትምህርት ቤት እንዲቈይ ሆነ። እናቴም የቀበናውን ዕድሯን አልተወችም፤ በአዲሱም መግቢያዋን ከፍላ ገብታለች። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ነው ነገሩ።

ከዚህ ሁሉ ያገኘሁትን ትምህርት በአጭሩ ልናገር። ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው፤ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ብዙ ሰዓት የሚውለው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የዚያንም ሰው ፍርድ ከሁሉ በላይ ያክብር። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚከፍለው አይደለም፤ አሮጊት እናት ወይም ሕፃን ልጅ ወይም በቤት የምትውል ሴት ናት። ከዚያ ቀጥሎ በመንገድ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚደክመው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ የእርሱንም ሰዓት እንደ ገንዘብ ቈጥሮ ከዋጋው ላይ ይደምር። ቤቱን በሥራ ቀንና በዝናም ይየው። ወረቀቱን ሳያፍር ይመርምር። የጐረቤቱንም ጠባይ ከዋጋው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ስንጥቅ ግድግዳ በሲሚንቶ ይጠገናል፤ ክፉ ጐረቤትን የሚጠግን ግን ምንም የለም።

በዚህ ስሌት መሠረት በቤታችን ውስጥ ትልቁን የመንገድ ዕዳ የተሸከምሁት እኔ ሆኛለሁ፤ መሥሪያ ቤቴ በመካከል ከተማ እንዳለ ነውና። ጎሕ ሳይቀድ እወጣለሁ፤ ከመሸ በኋላ እገባለሁ። የየካን ተራራ ከበረንዳው ላይ የማየው በእሑድ ብቻ ነው። ነገር ግን ስገባ በሩን የምትከፍትልኝ እናቴ የቀኑን ወሬ ሁሉ ይዛ ትጠብቀኛለች፤ ማን እንደ ወለደ፤ የማን ላም እንደ ጠፋች፤ ውኃው በስንት ሰዓት እንደ መጣ ትነግረኛለች። የታናሺቱም ቁመት በመኝታ ቤቱ መቃን ላይ በእርሳስ ተጽፏል። ቤቱ ያስከፈለኝ እውነተኛ ዋጋ በየቀኑ የምከፍለው ያ ጕዞ ነው፤ ለማን ስል እንደምከፍለውም ስለማውቅ አልማረርበትም።